ለእባብ ቀለብ፦ በሕይወት ያለ አይጥ ወይስ የሞተ?

ጎንደር ውስጥ እባብ የሚያሳድግ ሰው ብዙ አይደለም። ለሚያሳድግ ግን ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። እኔ ገድሎ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

በሕይወት ያለ አይጥ ይንቀሳቀሳል፣ ሙቀትም አለው። ስለዚህ የሞተ አልነካም ያለ እባብ ሊይዘው ይችላል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። አይጥ ዝም ብሎ አይበላም፤ ይናከሳል። እባቡ ካልራበው ወይም ቆዳውን ሊለውጥ ከሆነ፣ አይጡ ጀርባውን እስከ አጥንት ሊግጠው፣ ዓይኑንም ሊያጠፋው ይችላል። የአይጡ ስቃይም ቀላል ነገር አይደለም። የግድ ከሆነ አጠገባቸው ሁኑ፤ አብረው አይደሩ።

የሞተው አይናከስም፣ ፍሪዘር ውስጥም ይቀመጣል። ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆዩት። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ እኩል አያሞቅም። ስትሰጡት በረዥም መቆንጠጫ ያዙና አወዛውዙት። እኛ ጋ ፈተናው መብራት ነው። ጠፍቶ ቆይቶ ሥጋው ከቀለጠና ከሞቀ ጣሉት፤ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አይጡ የመጣበት ቦታ ነው። ከጓዳ ወይም ከቅዳሜ ገበያ እህል መጋዘን የተያዘ አይጥ፣ ሞቶም ሆነ በሕይወት፣ አትስጡ። መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ አይጡ ለቀናት ጤነኛ መስሎ ይዞራል። እባቡ ሲውጠው መርዙንም አብሮ ይውጣል። ለዚሁ ተብሎ የተራባ አይጥ ፈልጉ፤ ውፍረቱም ከእባቡ ወገብ ብዙ አይብለጥ።