ባለ ዚፑ የኪስ ዳዊት፦ ከሰባት ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን የኪስ ዳዊት በጾመ ጽጌ መግቢያ ላይ ፒያሳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከሚገኝ አንድ ንዋየ ቅድሳት መሸጫ በ450 ብር ገዛሁት። የልብስ ስፌት ቤቴ አከራይ ኪራይ እንደሚጨምር አስታውቆኝ ሌሊት እየነቃሁ ሒሳብ የምደምርበትና የምቀንስበት ጊዜ ስለ ነበር፣ የፈለግሁት መደርደሪያ የሚያሳምር መጽሐፍ ሳይሆን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም ቢሆን ገልጬ የማነበው ነበር።

መጠኑ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሽፋኑ ቆዳ መሳይ ሆኖ በዚፕ ይዘጋል፤ ውስጡ በሁለት ዓምድ የታተመ ሲሆን ግራው ግእዝ፣ ቀኙ አማርኛ ነው። ከ150ው መዝሙር በኋላ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ተከታትለው ገብተዋል። በማኅደር ተደርጎ በትከሻ የሚነገተውን የብራና ዳዊት እያየ ያደገ ሰው በዚፑ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ዳዊቴን ከመቀስና ከጠመኔ ጋር በአንድ ቦርሳ ለምይዘው ለእኔ ግን ባለውለታዬ ነው።

የዚህ እትም ትልቁ ጥቅም የየዕለቱን ድርሻ በቀይ ርእስ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። እንደሚታወቀው ዳዊት ዐሥር ዐሥር መዝሙር በያዙ 15 ንጉሥ ይከፈላል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና የመኃልየ መኃልይ ቀን ነው። ቀድሞ የምጠቀምበት የስልክ መተግበሪያ በየማለዳው አንድ የሚያጽናና ጥቅስ መርጦ ይልክልኝ ስለ ነበር፣ «የሚያስፈራኝ ማን ነው» የሚለውን 26ኛውን መዝሙር ብቻውን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላስታውስም፤ ፍርሃቴ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። የሰኞን ድርሻ በሙሉ መድገም ስጀምር ነገሩ ተለወጠ፤ ምክንያቱም 26ኛው ላይ ለመድረስ አስቀድሞ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» በሚለው 12ኛው፣ ከዚያም ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ በጮኸበት በ21ኛው ማለፍ ግድ ነው። በእኔ ግምት ድፍረቱ የሚገኘው ከዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ሰው ስጋቱን ሳይሸሽግ ከተናገረ በኋላ «አልፈራም» ሲል ቃሉ አፉ ላይ ባዶ አይሆንም።

አንድ ሰኞ ማለዳ አከራዬን ላነጋግር ስሄድ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ዳዊቴን ተመልክተው «ልጄ፣ ስንተኛው ንጉሥ ላይ ደረስሽ?» አሉኝ። «ሁለተኛውን ልጨርስ ነው፣ አባቴ» ስላቸው፣ «እንግዲያው ታክሲው ሳይመጣ ሦስተኛውን ያዢ፤ እዚያ ነው ጉልበቱ» አሉና የቀረኝን በግእዝ በቃላቸው ከእኔ ቀድመው ያወርዱት ጀመር። ኪራዩ በዚያው ቀን ጨመረ፤ ሆኖም የሁለት ወር ጊዜ እንዲሰጠኝ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ለመጠየቅ ችያለሁ፤ ተፈቅዶልኛልም።

ጉድለቶቹንም ልናገር። የግእዙ ዓምድ ፊደል እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ወረቀቱ ስስ ስለ ሆነ በቀይ የታተመው ስመ አምላክ በጀርባው ገጽ ላይ ያሳያል። በእኔ ቅጂ የረቡዕ ርእስ ከነጭራሹ ተዘሏል፤ ስለዚህ 61ኛው መዝሙር ራስጌ ላይ በእርሳስ «ዘረቡዕ» ብዬ ራሴ ጽፌበታለሁ። የመዝሙሩ ቁጥር በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ብቻ መሰጠቱም አንዳንድ ጊዜ ያደናግራል፤ ፕሮቴስታንት የሆነች ጎረቤቴ በጭንቄ ሰዓት «23ን አንብቢ» ብላኝ ብከፍት ያገኘሁት ስለ እረኛው ሳይሆን «ምድርና ሞላዋ» የሚለውን ነበር። እርሷ ያለችው በእኛ 22ኛው እንደ ሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር በቅንፍ ቢታከል ምንም ቦታ አይወስድም ነበር። ዚፑ ግን ከዕለት ዕለት እየተከፈተና እየተዘጋ እስካሁን አልተበላሸም።

ዐይናቸው ለደከመ ሰዎች ይህን መጠን አልመክርም፤ እናቴ መነጽር አድርጋም ግእዙን ማንበብ ስላልቻለች ለእርሷ ትልቁን ገዝቼላታለሁ። ትንሹን የምትፈልጉ ግን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ሰባቱም የዕለት ርእሶች መኖራቸውን ተመልከቱ፤ በተለይ የረቡዕን።