ታታሚ ወይስ የእንጨት ወለል? የጃፓን ቤት፣ የድሮውና የአሁኑ

ጃፓን ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ዛሬም ይህ ምርጫ ይገጥመዋል።

ታታሚ ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው። አንዱ 90 በ180 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ የክፍል ስፋት ራሱ «ባለ 6 ታታሚ» እየተባለ ይነገራል። አዲስ ሲሆን እንደታጨደ ሣር ይሸታል። ቀን ሳሎን ነው፣ ማታ ፍራሽ ተዘርግቶበት መኝታ ቤት። ጠዋት ፍራሹ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። እኔ በጣም የምወድለት ይህንን ነው።

ጣጣው ግን ብዙ ነው። እርጥበት ሲበዛ ይሻግታል። ከባድ ሶፋ ያጎደጉደዋል። የላይኛው ሽፋን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይገለበጣል፣ ቆይቶም ይቀየራል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የሾጂ፣ ማለትም ከታታሚ ክፍል ጋር የሚመጣው በወረቀት የተለበጠ ተንሸራታች በር፣ ወረቀቱማ ልጅ ላለበት ቤት አይነሳ፣ አንዲት ጣት ትበቃዋለች።

የእንጨት ወለል፦ ጠረግ፣ ወልወል፣ አለቀ። አልጋም ጠረጴዛም ይችላል። በብርዱ ወራት ግን እግር ያቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ማሞቂያ ማስገባት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ጫማው እንደሆነ በሁለቱም ቤት መግቢያው ላይ ይወልቃል።

ጉልበቱን ለሚያመው፣ ወንበር ለለመደ ዘመናዊው ይሻላል። ቤቱ ለጠበበው፣ እንግዳ ለሚያሳድር ወይም የሚድህ ሕፃን ላለው ታታሚ። መወሰን ያቃተው ደግሞ ከሳሎኑ ጥግ 3 ወይም 4 ታታሚ ያነጥፋል።