ሦስቱ የድሮ ጀስቲስ ሊጎች፦ ለመሳቅ የቱን ልግዛ?

ጀስቲስ ሊግ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሱፐርማን፣ ባትማንና ዎንደር ውማን ተሰልፈው ዓለምን ሲያድኑ ነው። እኔ ይህን ቡድን የወደድኩት ግን ስለሚያስቀኝ ነው። የአሜሪካው አሳታሚ ዲሲ ካወጣቸው የቡድኑ ኮሚኮች ውስጥ ለሳቅ ብለው የሚገዟቸው ሦስት አሉ፦ የ1960ው፣ የ1987ቱና የ2003ቱ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው የ1987ቱን ይግዛ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

የ1960ው ጋርድነር ፎክስ የጻፈው፣ ማይክ ሴኮውስኪ የሳለው ነው። የቡድኑ የመጀመሪያ ጠላት ስታሮ ይባላል፤ ከጠፈር የመጣ ግዙፍ የባሕር ኮከብ። ይህን ዓለምን ሊገዛ የመጣ ፍጡር ምን ያሸነፈው ይመስላችኋል? ኖራ! ስናፐር ካር የሚባል ጎረምሳ ሰውነቱን ኖራ ነክቶት ስለነበር የስታሮ ኃይል ሳይዘው ቀረ። ጀግኖቹ ነገሩ ገባቸውና ፍጡሩን በኖራ ሸፈኑት። ልጁም የክብር አባል ሆነ። ደራሲው ይህን ሁሉ የጻፈው ከልቡ ነው፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ታሪኮቹም አንድ ባንድ ስለሚያልቁ ለልጅ ጥሩ ስጦታ ይሆናል። በተከታታይ ሲነበብ ግን ይሰለቻል። ቡድኑ ይከፋፈላል፣ እንደገና ይሰበሰባል፣ ያሸንፋል፤ ሁሌም እንዲሁ ነው። ሱፐርማንና ባትማንም በመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ብቅ የሚሉት ለአመል ያህል ነው። የያኔው እትም ዋጋው የሰብሳቢዎች ስለሆነ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው የዚያን ዘመን ታሪኮች ሰብስቦ የያዘውን አዲሱን የሲልቨር ኤጅ ጥራዝ ይግዛ።

አሁን ወደ 1987ቱ። ኪት ጊፈን ታሪኩን ያወጣል፣ ጄ. ኤም. ዲማቲስ ንግግሩን ይጽፋል፣ ኬቪን ማጓየር ይስላል። በወቅቱ ሱፐርማንና ዎንደር ውማን በሌላ ቦታ ታሪካቸው እንደ አዲስ እየተጀመረ ስለነበር ለዚህ ቡድን አልተለቀቁም። ከባትማን በቀር የደረሷቸው ያን ያህል የማይታወቁት እነ ብሉ ቢትል፣ ሚስተር ሚራክልና ጋይ ጋርድነር ናቸው፤ ቡስተር ጎልድም ብዙ ሳይቆይ ተቀላቀለ። ደራሲዎቹ ይህን ጉድለት ወደ ሀብት ቀየሩት። ታላላቆቹ ቢኖሩ ኖሮ እንዲህ ሊጫወቱባቸው ማን ይፈቅድላቸዋል?

ቁጥር 5ን ውሰዱ። ጋይ ጋርድነር አፉ የማያርፍ፣ መሪ እኔ ነኝ ባይ ነው። ኃይል የሚሰጠውን ቀለበቱን አውልቆ ባትማንን ለድብድብ ይጋብዘዋል። ባትማን አንዴ ብቻ ይሰነዝራል፤ ጋይ ተዘረረ። ብሉ ቢትል በሳቅ ይፈርሳል። ሌላዋ የቡድኑ አባል ብላክ ካናሪ ደግሞ ዘግይታ ትመጣና እንዴት አመለጠኝ ብላ ታዝናለች። ትዕይንቱን የሚሸከመው ማጓየር የሳላቸው ፊቶች ናቸው። የአንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ የሌላው አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ ንግግሩን ሳታነቡ ሁሉም ይገባችኋል። እንዲህ ፊት የሚስል ሰው በጀግና ኮሚክ ውስጥ ብዙ አላየሁም። ቆየት ብሎ ቢትልና ቡስተር በቡድኑ ገንዘብ ደሴት ላይ ካዚኖ ይከፍታሉ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ኮስታራው የማርስ ሰው ደግሞ የኦሪዮ ብስኩት ሱሰኛ ይሆናል።

ችግር የለውም አልልም። ንግግሩ ብዙ ነው፣ ፈጣን ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። የሶቪየት ኅብረት ዘመን ነገርም ይበዛበታል። ማጓየርም እስከ መጨረሻው አይዘልቅም፤ በቁጥር 31 አዳም ሂዩዝ ይመጣል፣ እሱም ጎበዝ ነው።

ነጠላ እትሞቹ በብዛት የታተሙ በመሆናቸው አሮጌ ኮሚክ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ይገኛሉ። ስትፈልጉ ግን ስሙን ልብ በሉ፦ ከ1 እስከ 6 ጀስቲስ ሊግ፣ ከ7 እስከ 25 ጀስቲስ ሊግ ኢንተርናሽናል፣ ከ26 ጀምሮ ጀስቲስ ሊግ አሜሪካ ነው። ቁጥሩ ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም። ይህን የማያውቅ ገዢ የመጀመሪያዎቹን ስድስት፣ ማለትም ያንን ቡጢ ጭምር፣ ሳያገኝ ይቀራል። ብዙ ቁጥሮችን በአንድ የሰበሰበ፣ ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው ኦምኒበስ የሚባል ወፍራም ጥራዝም አለ። ያምራል፣ ግን ተኝቶ ለማንበብ ክንድ ይጨርሳል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም ብዙ ኪሎ ይበላል። በስስ ሽፋን የወጡት ቀጫጭን ጥራዞች ለንባብ ይሻላሉ።

የ2003ቱ ርዕሱ «ፎርመርሊ ኖውን አዝ ዘ ጀስቲስ ሊግ» ነው። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጊፈን፣ ዲማቲስና ማጓየር ተመልሰው የሠሩት። ነጋዴው ማክስዌል ሎርድ የድሮ አባላቱን ለቃቅሞ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ በሱቆች መሃል ቢሮ ይከፍትላቸዋል፤ የቴሌቪዥን ማስታወቂያም ያሠራላቸዋል። ማጓየር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ፣ እጁም በስሏል። በ2004 አይዝነር የተባለውን የኮሚክ ሽልማት በቀልድ ዘርፍ አግኝቷል፤ ይገባዋል። ከሦስቱ አጭሩም እሱ ነው። ግን ቀልዱ የቆመው በድሮ ትውውቅ ላይ ስለሆነ፣ ቢትልና ቡስተር ለምን እንደሚነታረኩ የማያውቅ ሰው ከመካከላቸው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከ1987ቱ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቁጥሮች ያነበበ ሰው ሳያመነታ ይግዛው።