ትልቁ ጋውስ ወይስ ትልቁ ማግኔት? የድሮ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት

ሁለት የድሮ ስፒከሮች ቀርበውላችኋል እንበል። አንዱ ጀርባ ላይ «12,000 ጋውስ» ተጽፏል። ሌላኛው ላይ «10,000 ጋውስ»። ብዙ ሰው ሳያመነታ የመጀመሪያውን ያነሳል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

ጋውስ የሚነግረን ኮይሉ (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) በሚንቀሳቀስባት ቀጭን ክፍተት ውስጥ የማግኔቱ ፍሰት ምን ያህል እንደታመቀ ነው። ፍሰቱ በጠቅላላው ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ለዚያ ማክስዌል የሚባል መለኪያ አለ። ጋውሱን በክፍተቱ ስፋት ስናባዛ ይገኛል።

እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው ስፒከር ክፍተት ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስፋቱ፣ ማለትም ዙሪያው በቁመቱ ሲባዛ፣ 4.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ12,000 ሲባዛ 56,500 ማክስዌል አካባቢ ይመጣል። የሁለተኛው ደግሞ ዲያሜትሩ 50፣ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 12.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ፍሰቱም ወደ 126,000 ማክስዌል ነው። በጋውስ ያነሰው በጠቅላላ ፍሰት ከእጥፍ በላይ በለጠ! ይህ ማለት ግን የግድ የበለጠ ይጮሃል ማለት አይደለም። ትልቁ ኮይል ከበድ ይላል፤ ከበድ ያለውን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል።

ስለዚህ እኔ ሻጭን የምጠይቀው ሦስተኛውን ቁጥር ነው፤ ቢኤል ይባላል። የጋውሱን መጠን ክፍተቱ ውስጥ ካለው የኮይል ሽቦ ርዝመት ጋር አባዝቶ፣ አንድ አምፒር ስንት ኒውተን እንደሚገፋ በቀጥታ ይናገራል።

የማግኔት ክብደትስ? ማግኔታቸው ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠራ ስፒከሮችን ለማወዳደር ይሠራል። የእንግሊዙ ስፒከር ሠሪ የሴለስቲየን ጂ12ኤም ማግኔት 35 አውንስ፣ የጂ12ኤች 50 አውንስ ነው፤ ሁለቱም ፌራይት (ሸክላ መሰል የብረት ኦክሳይድ ማግኔት) ስለሆኑ ማወዳደሩ ያስኬዳል። አልኒኮን (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ማግኔት) ከፌራይት ጋር በሚዛን ማወዳደር ግን ከንቱ ድካም ነው። አልኒኮ 5 የሚባለው ዓይነት ፍሰቱን ከ1.2 ቴስላ (12,000 ጋውስ) በላይ አምቆ ይይዛል፣ ፌራይት 0.4 ቴስላ ገደማ። ፌራይት ይህን የሚያካክሰው በስፋት ነው። ጠፍጣፋ ሰፊ ቀለበት ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው።

ካቻቪቴ ከጀርባ አስጠግተው የሚፈትኑ አሉ። ይህ ፈተና በጣም ያሳስታል። ፌራይቱ ካቻቪቴውን ከእጃችሁ መንጭቆ ይወስደዋል። በብረት ጣሳ ውስጥ የተቀመጠው አልኒኮ ግን እምብዛም አይነካውም፤ ብረቱ ፍሰቱን ወደ ውስጥ ስለሚመራው። ደካማ መስሏችሁ ምርጡን ጥላችሁት ትሄዳላችሁ።

አልኒኮ እውነተኛ ድክመት ግን አለው። ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ሲነዳ ወይም ማግኔቱ ከብረቱ ተነጥሎ ሲወጣ ፍሰቱን ያጣል። የተጻፈው ቁጥር ከፋብሪካ የወጣበት ዕለት ቁጥር ነው። 10 በመቶ ቢቀንስ ድምፁ የሚወርደው 0.9 ዲሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ ኮይሉ ወረቀቱን (ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከሩን ፊት) የመቆጣጠር አቅሙ ግን ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ቤዙ ልል ይላል። ፌራይት ይህ አያሰጋውም። የእሱ ችግር ሲወድቅ ማግኔቱ ከማጣበቂያው ተንሸራቶ ኮይሉን መያዙ ነው። ወረቀቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ተዉት።

ለአልኒኮ ጥንድ ደግሞ ይህችን ሞክሩ። ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙ። የወረቀቱን ከፍታ ለኩ። መሀሉ ላይ 50 ግራም አስቀምጡ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። አሁን ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ) ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ልቀቁበትና ወደ ቦታው መልሱት። የባሰ ከወረደ ሽቦዎቹን አቀያይሩ። 50 ግራም 0.49 ኒውተን ስለሆነ 0.1 አምፒር ከመለሰው ቢኤሉ 4.9 ነው። የጥንዱ ሁለተኛ ስፒከር 0.125 አምፒር ከጠየቀ 3.9 ሆነ፤ ማለትም 20 በመቶ ደክሟል። ኮይሉ እንዳይሞቅ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ወረቀቱ መጀመሪያ ወደነበረበት ስለሚመለስ የጠርዙ መጠንከር ውጤቱን እምብዛም አያዛባውም። ይህን ነው የምወድላት።

ሻጩ እንዲህ ለመፈተን ከፈቀደ አልኒኮውን እመርጣለሁ። ካልፈቀደ ፌራይቱን። ጥንዱ ተበላልጦ ከተገኘም የግድ አይጣልም፤ የደከመ አልኒኮ መሣሪያው ባለው ባለሙያ እንደገና ማግኔት ሊሞላ ይችላል። የዚያን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስላችሁ ጠይቁ።