ለክላሲክ መኪና የመሪ ሳጥን፦ ማሳደስ፣ መቀየር ወይስ ሥርዓቱን መለወጥ?

መሪው ወዲያና ወዲህ በከንቱ የሚዞር አሮጌ መኪና ያለው ሰው ወዲያው የሚያስበው አዲስ የመሪ ሳጥን፣ ማለትም የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ሳጥን፣ መግዛትን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ከግዢ በፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንድ ሰው መሪውን ያወዛውዝ፣ ሌላው ከሥር ይመልከት። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ዞሮ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ከዘገየ ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ክንዱ ወዲያው ታዝዞ ጎማው ከዘገየ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቴስቲናዎቹ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች) ናቸው። መሪው ዞሮ ዘንጉ ከዘገየ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የላስቲክ ማያያዣ ላልቷል፤ ይህ ርካሽ ጥገና ነው። ሳጥኑ የታሰረበት ሻሲ ተሰንጥቆ እንደሆነም ማየት አይከፋም።

ሳጥኑ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም አንድ ፈተና ይቀራል። አብዛኛው ጉዞ ቀጥታ ስለሆነ በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ብዙም አይነካም። የማስተካከያውን ብሎን በማጥበቅ የመሃሉን ልልነት ማጥፋት ይቻላል። መሪው መሃል ላይ ልኩን ይዞ ሲጠመዘዝ ከነከሰ፣ ከኩርባ ሲወጣም በራሱ ካልተመለሰ፣ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው። ብሎኑን ይበልጥ ማጥበቅ አደጋ ነው። ምርጫው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ የመኪናውን የራሱን ሳጥን ማሳደስ ነው። ሲገጠም አያስቸግርም፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ፣ የዘንጉ ርዝመት፣ የጥርሱ ምጣኔ ሁሉ ልክ ነው። የመኪናው የቀድሞ ማንነት ለዋጋው በሚቆጠርበት ገበያም ይህ ትርፍ አለው። ችግሩ መኪናው ሥራው እስኪያልቅ መቆሙ ነው። ማሳደስ ሲባል ደግሞ ሥራው ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ ሳጥኑን አጥቦ ዘይት መከላከያ ጎማዎቹን ቀይሮ ቀለም ይቀባል። ሌላው ኩሽኔታዎቹን ይለውጣል፣ የክንዱን ዘንግ ማረፊያ ያድሳል፣ በኳስ በሚሠሩት ሳጥኖች ላይም በትንሹ የሚወፍሩ ኳሶችን መርጦ ልልነቱን ያጠፋል። ጥርሱ የተቦረቦረ ሳጥን በመጀመሪያው ዓይነት እድሳት አይድንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምን ምን እንደሚቀየር በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ሰጥቶ የታደሰ መውሰድ ጊዜ ይቆጥባል፤ መኪናው ብዙ አይቆምም። ጥርጣሬው ከላይ ያልኩት ነው፦ የሚመጣው ሳጥን በማን እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። መያዣ ተከፍሎ ከሆነ፣ የሚመልሱት አሮጌ ሳጥን ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ መያዣው ሊቀር ይችላል። የራስን ሳጥን ሳይሰጡ አዲሱን ገጥሞ መሞከር የሚቻልበት ውል ከተገኘ ያ ይሻላል።

አዲስ ቅጂ የሚገኘው በብዛት ለተሠሩ መኪናዎች ነው፤ ቮልስዋገን ቢትልና ፎርድ ሙስታንግ ዕድለኞች ናቸው። እዚህ ላይ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ማጣራት ግድ ነው። በ1965 እና በ1966 (እ.ኤ.አ.) ሙስታንግ ከሳጥኑ የሚነሳው ዘንግ በአንድ ወጥ እስከ መሪው ይደርሳል፤ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ክንዱ የሚገጠምበት ዘንግ ወፍሯል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የታዘዘ ሳጥን ሳይገጠም ይቀራል። የጥርስ ምጣኔውም ይታይ። 16 ለ 1 ማለት መሪው 16 ዲግሪ ሲዞር ክንዱ 1 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ፈጥኖ ይታዘዛል፣ ግን መሪው ይከብዳል። ሃይድሮሊክ ለሌለው ከባድ መኪና ፈጣን ሳጥን የሚገዛ ሰው መኪናውን ሲያቆም እጁ ይዝላል።

ከተጣለ መኪና የወጣ ሳጥን ርካሽ ነው፤ ዕድሜው ግን ከእርስዎ ሳጥን ዕድሜ አያንስም። ሻጩ ፊት በእጅ ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ መሃሉ ላይ ትንሽ የመጥበቅ ስሜት ሊኖር ይገባል። አሸዋ እንዳለበት ከተንኮሻኮሸ ይተዉት። የቀኝና የግራ መሪ መኪና ሳጥኖች በአብዛኛው አይለዋወጡም። ሳጥኑ ከፊት አክሰል በፊት ወይም በኋላ መቀመጡም ልዩነት ያመጣል፤ ተሳስቶ የተገጠመ ሳጥን መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማውን ወደ ግራ ሊወስድ ይችላል።

አሁን የሚያጓጓው ሳጥኑን አውጥቶ በጥርሳም ዘንግ መሪ (ራክ ኤንድ ፒንየን፣ መሪው ሲዞር ጥርሳም ዘንግ ወደ ጎን የሚገፋበት) መተካት ነው። ጥርሳም ዘንጉ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ሞሪስ ማይነር የተባለው የእንግሊዝ መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ነበረው። ነገር ግን ያ መኪና ከመነሻው ለዚህ የተነደፈ ነው። በሌላ መኪና ላይ የዘንጉ ርዝመትና ከፍታ ጎማውን ከሻሲው ጋር ከሚያያይዙት የሱስፔንሽን ማጠፊያዎች ጋር ካልተጣጣመ፣ ጎማው እብጠት ላይ በወጣ ቁጥር መሪው ሳይጠመዘዝ መኪናው በራሱ አቅጣጫ ይቀይራል። የሞተሩ ዘይት ገንዳ ወይም የጭስ ማውጫው መንገድ ሊዘጋ፣ መኪናው ለመዞር የሚያስፈልገው ቦታም ሊሰፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ የመንግሥት ምርመራና ኢንሹራንስ ለውጡን ይቀበሉት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ልልነትን ለማጥፋት ብቻ ብዬ ይህን አልመርጥም። እጅ የሚያደክመው ክብደቱ ከሆነ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚገጠም የኤሌክትሪክ አጋዥ አለ፤ የፋብሪካውን ሳጥን አይነካም፣ የተበላ ሳጥንንም አያድንም።

የትኛውም ቢገዛ የክንዱ ማውጫ መሣሪያ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ በመዶሻ የተመታ ዘንግ ውስጡን ይጎዳል። ክንዱና ዘንጉ ሳይፈቱ ምልክት ይደረግባቸው። አዲሱ ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞር ይቆጠርና ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት በትክክል መሃሉ ላይ ይገጠም። ዘይት ይሁን ወፍራም ግራሶ የሚሞላው፣ የመኪናው መመሪያ ያዛል።