ላዳችንን ያዳነው ቶርኖ ቤት፦ ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ

ጎንደር ውስጥ ሞተር አውርዳችሁ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) ሲሊንደር ለማስፋት ወይም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ለማስላግ፣ ማለትም ፊቱን በማሽን አስፍቆ ለማስተካከል ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። እኛ ሁለት ጊዜ ከፍለን ነው የተማርነው። እናንተ አንድ ጊዜ ብትከፍሉ ይበቃል።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ አስተማሪ፣ እኔ ደግሞ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ማታ ማታና እሁድ በአስተማሪው እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ላዳ እንሠራለን። ለአማተር ውድድር ነው የምናዘጋጃት። ዕድሜዋን አዲስ አበባ ታክሲ ሆና የጨረሰች መኪና ናት። የገዛናት ርካሽ ስለሆነች ነው። ግን ርካሽነቷ ብቻ አይደለም። የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፣ ኮፈኑን ስትከፍት እጅህ የማይደርስበት ቦታ የለም። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት። ጣሊያንኛ የጋራዥ ቃል ይዞ ያደገ የእኛ አገር መካኒክ ቶሎ የሚግባባት አንዱም ለዚህ ይመስለኛል። የኛዋ 1452 ሲሲ ናት፤ የፒስተኗ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር፣ ምቷ (ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት) 80።

ችግሩ የተጀመረው ገና ስናመጣት ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ተኛ። ቆምን፣ ውሃ ጨመርን፣ ቀጠልን። ጎንደር ስንደርስ የዘይት ክዳኑን ብንከፍት ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የላዳ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከጊዛ እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ከልክ በላይ ከሞቀ ይጣመማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። የኛ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ነው የተበላው።

መጀመሪያ የወሰድነው ሌላ ቶርኖ ቤት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ቴስታታውን ተቀበሉን፣ በዚያው ቀን ላጉት፣ ገንዘባችንን ተቀበሉ። ማንም ሲለካ አላየንም። ስንት እንደወረደም የነገረን የለም። ገጠምነው። በሦስተኛው ሳምንት ጓርኒሲዮኑ ያው ቦታ ላይ ተበላ። የዚያን ዕለት ማታ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለን ማንም ቃል ሳይተነፍስ የቆየንበትን ሰዓት አልረሳውም። ለስድስት ወር የተጠራቀመ ገንዘብ ነበር።

አሁን ወደምወደው ቤት ልምጣ።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ነው። ትልቅ ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ በር አለው፣ በሩ ላይ በቀለም «ቶርኖ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ከምታስቡት በላይ ንጹሕ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሁለት ልጆች አብረዋቸው ይሠራሉ።

ቴስታታውን ሳስቀምጥ ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር «ልጄ፣ ይሄ ሳይታጠብ አይለካም» ነው። በጋዝ አጥበን፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፍቀን ተመለስን። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አወጡ። በቁመቱ፣ በጎኑ፣ በሁለቱም አግድም እያስቀመጡ ከሥሩ ስስ የመለኪያ ቅጠል ሰደዱ። አንደኛው ጥግ ላይ ቅጠሉ አልገባም። መሃል ላይ ግን ሰተት ብሎ አለፈ። «አያችሁ? ያኛው ሰው ላገው እንጂ አላስተካከለውም» አሉን። ቅጠሉን ለእኔም ሰጡኝ፣ እኔም ሞከርኩት። ሲያልፍ በጣቴ ተሰማኝ። ገንዘባችን የት እንደገባ ያኔ ገባኝ።

እዚያ ላይ እኔ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ለውድድር ስለሆነ ትንሽ በዛ አድርገው ይላጉት፣ መጭመቂያው (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት መጠን) ከፍ ይበል አልኩ። ይህን የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። መጭመቂያውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ከጠፋው ጥቂቱን ይመልሳል። ጋሼ ሰሙኝ፣ አልሳቁብኝም። ግን እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ የላዳ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከላይ ቴስታታው ላይ ነው፣ ከታች ካለው ዋና ዘንግ ከክራንኩ ጋር አያይዞ የሚያዞረው ካቴና (ሰንሰለት) ነው። ቴስታታው በወረደ ቁጥር ካቴናው ይላላል፤ መወጠሪያው ያንን ሲስብ ካምሻፍቱ ከክራንኩ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በመጭመቂያ ያገኘኸውን በቫልቭ ሰዓት (ቫልቮቹ በሚከፈቱበት ጊዜ) መዛባት መልሰህ ታጣዋለህ። «የሚስተካከል የካምሻፍት ጥርስ ገዝታችሁ ከመጣችሁ እንነጋገራለን። አሁን የተጣመመውን ብቻ ላጥፋ» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። የወረደውን መጠን በቀለም ቴስታታው ጎን ላይ ጻፉልን። እስካሁን አለ።

ብሎኩን የወሰድነው በማግስቱ ነው፣ በባጃጅ። እዚህ ላይ ነው ሙያቸውን በደንብ ያየሁት። በሰዓት መልክ ባለ መለኪያ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለኩት፤ ያንኑ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ። አራት ሲሊንደር፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ቁጥር። ሁሉንም በእርሳስ ካርቶን ላይ ጻፉ። ከላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) የሚመለስበት ቦታ በብዛት የሚበላው እሱ ስለሆነ ነው። ፍንዳታው እዚያ ነው፣ ዘይት የሚያንሰውም እዚያ ነው። ካርቶኑን ሰጡንና «76.4 ፒስተን ፈልጉ። 76.8 አያስፈልግም፤ ብረቱን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጡት» አሉ።

እኛ እንግዲህ ቸኩለናል። ብሎኩን አሁኑኑ አስፍተው ይጨርሱልን፣ ፒስተኑ ይደርሳል አልናቸው። እምቢ አሉ። «ፒስተኑን ሳላየው አንድ ሚሊ አልነካም። ካርቶኑ ላይ 76.4 ይባላል፣ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ መርካቶ አያውቅም» አሉን። ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፒስተኑ በአውቶቡስ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። መጣ። በማይክሮሜትር ለኩት። ሦስቱ አንድ ናቸው፣ አራተኛው በጥቂት መቶኛ ሚሊ ይለያል። እያንዳንዱን ፒስተን ቁጥር ሰጥተው ለየራሱ ሲሊንደር ለክተው አሰፉለት። የላዳ ፒስተንና ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት አዲስ ሲሆን ከ0.05 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ከአንድ ፀጉር ውፍረት የሚበልጥ አይደለም። ሳይለካ ቢሰፋ ኖሮ አራተኛው ወይ ይነክሳል ወይ ያንኳኳል። ዘጠኙ ቀን ሞተሩን አዳነልን።

ሥራው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። እሳቸው ቁጭ አሉ። ልጆቹም ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ መለኪያውን አንስተው እንደገና ለክተው ነው የጀመሩት። በመጨረሻ የማለስለሻ ድንጋዩን እያወጡና እያስገቡ ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ስስ መስመር ሠሩበት። ወደ መብራት ስታዞሩት እንደ ወንፊት ይታያል። ዘይት የሚይዘው ያ ነው፤ ፋሻውም የሚለምደው በዚያ ነው።

ስንወጣ አንድ ምክር ሰጡን፣ ይህን ማንም ሰው እንዳይዘነጋው እፈልጋለሁ። «ቤት ስትደርሱ በቤንዚን አትጠቡት። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁ ግራጫ እስካመጣ ድረስ አልጸዳም።» የጓደኛችን እናት ያረጀ ነጠላ ቀደው ሰጡን። አራት ጊዜ አጠብን። የመጀመሪያው ቁራጭ ጥቁር ወጣ፣ ሁለተኛው ግራጫ፣ ሦስተኛውም ትንሽ ግራጫ። አራተኛው ነጭ ወጣ። ወዲያው ዘይት ቀባነው፤ ያለዚያ ጊዛ ዓይንህ እያየ ነው የሚዝገው።

የቀረውን ቤት ውስጥ ሠራን። የቴስታታ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ዙር ጠበቅናቸው፣ የመጨረሻው 115 ኒውተን ሜትር። ቫልቮቹን በቀዝቃዛው 0.15 አደረግን። የካርቡራቶሩን ዋና ቀዳዳ በአነስተኛ ቀየርነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ የቆላው ቀዳዳ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ጥላሸት ያለብሰዋል። የራዲያተሩን ክዳንም ለወጥን። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ጎንደር ላይ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለህ ሞተርህ ገና ሳይሞቅ ውሃህ ይፈላል። ዓባይ ላይ የጎዳን ክዳን ይሁን ቴርሞስታት ተከራክረንበታል፤ ሁለቱንም ቀየርን።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። አሁን ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ውሃ አይጎድልም፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አዘዞ ደርሰን ስንመለስ የሙቀት መለኪያው ከግማሽ አያልፍም።

ቤቱ እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ። ሐሙስ ያሉን ማክሰኞ ነው የደረሰው። ስልክ አያነሱም፣ ማሽን ላይ ናቸው፤ በአካል መሄድ ግድ ነው። እሁድ ዝግ ነው። ለጥምቀት ደግሞ ከከተራ ጀምሮ አትልፉ፣ ከተማው በሙሉ ታቦት ሊያጅብ ይወጣል፣ እሳቸውም ይወጣሉ። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይቆርጡም፣ ጠይቁ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ግን ከመጀመሪያው ቤት የበለጠ አልከፈልንም፣ ያኛው ደግሞ ሥራ አልሠራልንም።

ሁለት ሥራ ደግሞ አልሠራም ብለውናል፤ ይህን ከምስጋናዬ ውስጥ ነው የምቆጥረው። አንደኛው የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። የላዳ ዲስክ አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ነው፣ ከ9 በታች አይነዳበትም። የኛ 9.1 ነበር። «ብልገው ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እናንተ ግን በወረቀት ነው የምትቆሙት» ብለው መለሱት። አዲስ ገዛን።

ሁለተኛው የውስጥ መከላከያ ቱቦው ነው። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው ራሳችን ላይ እንዳይወርድ የሚደረገው ማለቴ ነው። ጎንደር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የውሃ ቱቦ ስለሆነ ያንኑ ቆርጠን ወሰድንላቸው። አዩት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ነኩት። «ይሄ የተሰፋ ነው። ሲታጠፍ በስፌቱ ይከፈታል» አሉ። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሕግም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ለዋናው ቅስት ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛው የተሳበ፣ ቢያንስ 45 ሚሊ ስፋትና 2.5 ሚሊ ውፍረት (ወይም 50 በ2) ያለው ቱቦ ይፈልጋል። እኔ ይህን አንብቤው ነበር። እንዲሁ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው የወሰድኩት። አሁን ትክክለኛውን ቱቦ ከአዲስ አበባ እያፈላለግን ነው። እስኪመጣ ድረስ ላዳዋ ለውድድር አትወጣም፣ ሦስታችንም ተስማምተናል።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወረፋ ነው። ዕቃችሁን አጥባችሁ ውሰዱ። ብሎኩን ካስለካችሁ በኋላ ፒስተን ሳትይዙ ለማስፋት አትመለሱ። በባጃጅ ከወሰዳችሁት ደግሞ ከሥሩ አሮጌ ጎማ አንጥፉለት፤ የአዘዞ መንገድ ያናውጣል፣ የቴስታታው መቀመጫ ፊት አንዴ ከተጫረ ሥራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል።