ብሬከር እየወደቀ ላስቸገራችሁ ሁሉ፦ ይህን ልጅ ጥሩት

ምጣድ ሲጣድ ብሬከር ለሚወድቅባችሁ ሁሉ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩት። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ቤታችንን ከእሳት ነው ያዳነልን።

ከእሱ በፊት የመጣው ሰው ምንም ሳይመረምር 20 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ 32 ገጠመና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አዎ፣ መውደቁ ቆመ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግን ጀመረ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው፤ ብሬከር የሚጠብቀው ደግሞ ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በ2.5 ሽቦ ላይ 32 ከተገጠመ ሽቦው ከልክ በላይ ግሎም ብሬከሩ ዝም ሊል ይችላል። ልጆች በሚተኙበት ቤት እንዴት እንዲህ ይደረጋል?

ይህ ልጅ ፒንሳ ከማንሳቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ያኔ ሲወድቅ የነበረው ስትሰኩት ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?» ወዲያው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ነው፤ ቆይቶ ከሆነ ሙቀት ነው። ሦስት አራት እንጀራ ከወጣ በኋላ ነበር የሚወድቀው። ምጣዱን ብቻውን አሰክቶ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ የሚያልፈውን አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሲለካው 16 አምፔር አካባቢ። 3.5 ኪሎ ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል የሚመጣውም ይኸው ነው። 20 ብሬከር 16ን ቀኑን ሙሉ መሸከም አለበት፤ ስለዚህ ምጣዱም ጭነቱም ጥፋት የለባቸውም።

ዋናውን አጥፍቶ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጦ ሳጥኑን ከፈተ። የሽቦው ጫፍ ከሰል መስሏል፣ ልባሱም አንድ ጣት ያህል ቡናማ ሆኗል። ብሎኑ ድሮውንም ላልቶ ነበር፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ ግለቱ ወደ ብሬከሩ ይገባል፣ ውስጡ ያለው ብረት በሙቀት ስለሚታጠፍ ጭነት ሳይበዛም ይወርዳል። ያ ሰውዬ የተቃጠለውን ጫፍ ሳይቆርጥ መልሶ አስሮት ነው የሄደው!

ልጁ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪያገኝ ቆረጠ፣ አዲስ 20 ገጠመ፣ የሶኬቱንም ብሎኖች አጠበቀ። ምጣዱ ግማሽ ሰዓት እስኪሠራ ቁጭ ብሎ ጠበቀና የብሬከሩን ፊት በእጁ ጀርባ ነካ። ለብ እንኳን አላለም።

ለምጣድ የሚሻለው ለብቻው የተዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከነኧርዙ (ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው ሽቦ ጋር) እና 25 አምፔር ብሬከር እንደሆነ ነግሮናል፤ ግን ሥራ ለማብዛት አልሞከረም። «ገንዘብ እስክታገኙ ይህ ይበቃችኋል፤ ምጣዱ ሲበራ የውሃ ማሞቂያውን አጥፉ» አለን። የተቀበለው የአንድ ብሬከርና የእጁን ዋጋ ብቻ ነው።

ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ይመጣል። የፕላስቲክ ሽታ ካለ ግን ዛሬውኑ ደውሉለት፤ እሱ እስኪደርስ ዋናውን አጥፉ።